ለእናቴ ያስገባሁት የዲሽ ፓኬጅ፣ ከአራት ወር በኋላ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ይሄን የምጽፈው በተለይ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላላችሁ ነው፣ ዲሽ ለማስገባት ወይ ፓኬጅ ለመቀየር የምታስቡ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ። የካምፓኒውንም የሱቁንም ስም አልጽፍም፣ ዋናው ቅሬታዬ የአንድ ካምፓኒ ጉዳይ ስላልሆነ ነው፣ ሌላውን ብታስገቡም ያንኑ ነው የምታገኙት። አራት ወር ሙሉ በየቀኑ አይተነዋል፣ ስለዚህ አንድ ሳምንት ሞክሮ እንደሚያወራ ሰው አትዩኝ።

መጀመሪያ ለማን እንዳስገባሁት ልንገራችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የመንዝ ልጅ ናት፣ በልጅነቷ ነው ወደ ደብረ ብርሃን የመጣችው፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ 20 ምናምን ዓመት ሰርታ ጡረታ ወጣች። አምና ጉልበቷ እምቢ አለ፣ አሁን ቤተክርስቲያን እንኳን በባጃጅ ካልሆነ አትሄድም፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ የኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ከምድጃው አጠገብ አትነሳም። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። እቤት እሷና ሬዲዮዋ ብቻ ነበሩ። አንድ ማታ ገብቼ ምን አየሽ ምን ሰማሽ ብላት «ምን እሰማለሁ ልጄ፣ ግድግዳው አያወራ» አለችኝ፣ በነጋታው ሱቅ ሄድኩ።

ሱቁ መናኸሪያው አካባቢ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሻይ ሁሉ ጋብዞኛል። «ለማን ነው እህቴ?» አለኝ፣ ለእናቴ ስለው የዋጋ ዝርዝሩን ገልብጦ ትንሹ ፓኬጅ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ለእማማ ይሄ ይበቃቸዋል፣ መንፈሳዊ አለው፣ ዜና አለው፣ ትልቁ እኮ ኳስና ፊልም ነው፣ ብርሽን አታባክኚ» አለኝ። አስቦልኝ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቆረጠኝ። እናቴ ጸሎቷን ጠዋት አድርሳ ትጨርሳለች፣ ከዛ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ወሬ ትፈልጋለች፣ ፍቅር ትፈልጋለች፣ ማን ማንን ከዳ የሚለውን ትፈልጋለች፣ በሰፈራችን ድራማ እንደሷ የሚከታተል ሰው የለም፣ ሬዲዮ ላይ ድሮ የሰማችውን ተከታታይ እስካሁን በየክፍሉ ትነግርሻለች። ትልቁን ስጠኝ አልኩት። እማማ ይሄ ይበቃቸዋል የሚለውን ቃል ግን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እሺ አሁን ወደ ዕቃው። የገጠመልን ልጅ እጁ ይባረክ፣ ሁለት ዲሽ ነው የተከለው፣ አንዱ የሚከፈልበት ሌላው የኢትዮሳት፣ ጠባሴ ላይ የሚነፍሰው ንፋስ ስንቱን ዲሽ እንዳዞረ ስለሚያውቅ እግሩን በሲሚንቶ ነው የቀበረው፣ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ዝናብ ሲከብድ ይቆራረጣል ግን ቶሎ ይመለሳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዲኮደሩ ለመነሳት አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ እናቴ ተበላሸ ብላ መጀመሪያ አካባቢ ትጨነቅ ነበር አሁን ለምዳዋለች። ሪሞቱ ግን በፍጹም ለትልቅ ሰው ዓይን የተሰራ አይደለም፣ ጽሁፉ ደቃቃና በእንግሊዝኛ ነው፣ ቁልፉ ሁሉ እኩል ነው። ያደረግኩት ነገር ቢኖር የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ሶስቱ ቁልፍ ላይ ለጥፌ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት፣ አንዱ መክፈቻ፣ አንዱ ድምጽ፣ አንዱ ቻናል መቀየሪያ። ይሄን ማንኛችሁም ብታደርጉት እናቶቻችሁን ከብዙ ጣጣ ታድናላችሁ። ለገጠማና ለምስል ከ5 ኮከብ 5 እሰጣለሁ፣ ለሪሞቱ 2።

አሁን ወደሚታየው ነገር፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ቡና ይፈላል፣ የጎረቤት እናቶች ሶስት አራት ሆነው ይመጣሉ፣ ታናሽቷ 58 ናት። እኔ ጀበናዬን ይዤ እነሱን ነው የማየው እንጂ ቲቪውን አይደለም። በመጀመሪያው ቅዳሜ የአገር ውስጥ ድራማ ነበር። ሰፊ ሳሎን፣ ትልቅ ሶፋ፣ ሶፋው ላይ ጋቢ የደረቡ እናት ተቀምጠዋል። ልጅየው ሲገባ «መጣህ ልጄ?» አሉት። ሲወጣ «ተጠንቀቅ ልጄ» አሉት። ቀጥሎ ባለው ክፍል ደግሞ ደም ግፊታቸው ተነሳና ሆስፒታል ተኙ፣ ከዛ በኋላ ሰው ሁሉ እሳቸው አልጋ አጠገብ ቆሞ ስለራሱ ጉዳይ ሲጣላ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በአራተኛው ሳምንት እናቴ ስኒዋን አስቀመጠችና «እኚህ ሴትዮ ስማቸው ማነው?» አለች። ሁላችንም ዝም። አራት ሳምንት ስናየው የቆየ ድራማ ነው፣ የሹፌሩን ስም እናውቃለን፣ የውሻውን ስም እናውቃለን፣ የሴትዮዋን ስም የጠራ ሰው አልነበረም። እማዬ ናቸው፣ በቃ።

ከዛን ቀን ጀምሮ ዓይኔ ተከፈተ መሰለኝ፣ ማየት አላቆምኩም። ከ55 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ስክሪን ላይ ስትመጣ ምን እየሰራች ነው ብዬ አያለሁ። ወይ እየጸለየች ነው፣ ወይ እያለቀሰች ነው፣ ወይ ታማለች፣ ወይ ምራቷን እየረገመች ነው። ማስታወቂያ ላይ ከሆነች ወጥ ቀምሳ «እልልል» ትላለች። የበዓል ፕሮግራም ላይ አንጋፋ አርቲስት ከጋበዙ ደግሞ ክራር ከኋላ እየተመታ «ድሮ እንዴት ነበር እማማ?» ይሏታል፣ አሁን ምን እየሰራሽ ነው፣ ምን መስራት ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ወንድ አንጋፋ ሲጋበዝ ስለ ስራው ይጠየቃል፣ እሷ ግን ለምን አላገባሽም፣ ለምን አልወለድሽም፣ ጤናሽስ። ታማ እርዱኝ ካላለች ደግሞ ከነጭራሹ አትታይም።

ኮሜዲውማ አይወራ። ወንድ ልጅ ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ድዱን እያሳየ አሮጊት ነኝ ይላል፣ ቤቱ በሳቅ ያልቃል። ከእናቴ ጋር ተቀምጬ ሳየው ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ነው የቀረው። እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፣ ዝም ብላ ሻሿን አስተካከለች። ያንን የእጇን እንቅስቃሴ መርሳት አልቻልኩም።

ሰው ይሄ የኛ አገር ችግር ነው እንዳይል፣ የውጭውም ቢሆን ያው ነው። ፓኬጁ ውስጥ የህንድ ቻናል አለ፣ አንድ ማታ «ማዘር ኢንዲያ» መጣ። እናቴ በኮረዳነቷ አዲስ አበባ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ መርካቶ ራስ ሲኒማ ያየችው ፊልም ነው፣ ስሙን ሳይሆን ማረሻውን ነው ያስታወሰችው፣ ሴትየዋ በትከሻዋ ማረሻ ስትጎትት። ብርድ ልብሷን ተከናንባ እንደ አዲስ አለቀሰች። እኔ በስልኬ ስፈልግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ ፊልሙ በፈረንጆቹ 1957 ነው የወጣው፣ ያቺ ፀጉሯ ሽበት የሆነ እናት፣ ናርጊስ፣ ያኔ 28 ዓመቷ ነበር። ልጇ ሆኖ የተጫወተው ሱኒል ዱት ደግሞ እኩያዋ ነው፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ ጁን 1929 ነው የተወለዱት፣ በአምስት ቀን ብቻ ነው የምትበልጠው፣ በዓመቱ ደግሞ ተጋቡ። ለእናቴ ስነግራት ቲቪውን ትታ እኔን ማየት ጀመረች። «እና እኔ ለልጅ ነው ያለቀስኩት?» አለች። ጎበዝ ተዋናይ ስለነበረች ነው ያስለቀሰችሽ ብላትም «እውነተኛ እናት ጠፍታ ነው በዱቄት ሽበት የሚቀቧት? ህንድ አገር አሮጊት የለም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፈረንጆቹም ጋር ሄጄ አየሁ። ሳሊ ፊልድ የምትባለዋ ተዋናይ በነሱ አቆጣጠር በ1988 የወጣ ፊልም ላይ ቶም ሃንክስ የሚወዳት ሴት ሆና ሰርታለች፣ በ1994 ፎረስት ጋምፕ ላይ የዛው ሰውዬ እናት ሆነች። ስድስት ዓመት ነው በመሃል ያለው። በዕድሜ የምትበልጠው በ10 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ማጊ ጂለንሃል የምትባለዋ ተዋናይ ደግሞ 37 ዓመቷ ሳለ ለ55 ዓመት ሰውዬ ፍቅረኛ ለመሆን «አርጅተሻል» እንደተባለች በ2015 ራሷ ተናግራለች። 37 ዓመት! እኔ 44 ነኝ፣ ስለዚህ በነሱ ሂሳብ እኔም ሶፋ ላይ ጋቢ ደርቤ መጣህ ልጄ ማለት ያለብኝ ሰው ነኝ ማለት ነው። በኛም ድራማ ብታዩ 50 የሞላው ወንድ ተዋናይ የ25 ዓመት ልጅ ያፈቅራል፣ ማንም ምንም አይልም፣ የሱ እኩያ የሆነችዋ ሴት ግን ወይ የተፈታች መራራ ሚስት ናት፣ ወይ በብሯ ጎረምሳ የምትገዛ ሀብታም። እንደኔ ጠዋት ተነስታ ስራ የምትሄድ፣ ደሞዝ የማይበቃት፣ እቁብ የምትጥል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰው ደስ የሚላት የ44 ዓመት ሴት በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን አላገኘሁም።

በጎው ነገር አይካድም። እናቴ በአማርኛ የተተረጎሙትን የቱርክ ድራማዎች ትወዳለች፣ ለምን እንደምትወዳቸው አሁን ገብቶኛል። እዛ ላይ ያለችው ትልቅ ሴትዮ ብዙ ጊዜ ክፉ ናት፣ ግን ቤቱን የምትመራው እሷ ናት፣ ካምፓኒ አላት፣ ልጆቿን ታጋጫለች፣ ሌሊት ተነስታ ታቅዳለች። «ክፉም ብትሆን ታስባለች» አለችኝ እናቴ፣ «የኛዎቹን እኮ ማሰቢያቸውን ነው የወሰዱባቸው።» አንድ ነገር ብቻ ጆሮዋን ያሳምማታል፣ ያቺን ሴትዮ በአማርኛ የምታወራላት ልጅ መሆኗ ይታወቃታል። ድምጿን አንቀጥቅጣ አሮጊት ለመምሰል ትታገላለች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችና «ይቺ ልጅ ናት፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይንቀጠቀጥም፣ ትልቅ ሰው ቃሉን ይመዝናል እንጂ» አለች። እውነቷን ነው። እኔ የማውቃቸው የመንዝ እናቶች ድምጻቸው አይንቀጠቀጥም፣ ቀስ ይላል፣ ግን ሲያርፍ ይከብዳል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ። በኛ አገር እኮ ቃል የትልቅ ሴት ነው። ለቅሶ ቤት ሂዱ፣ ሙሾ የምታወርደው ማናት? ኮረዳዋ አይደለችም። ብዙ የቀበረች፣ ብዙ ያየች፣ የሟቹን አያት ሁሉ ስም የምታውቅ ሴት ናት፣ እሷ አንድ ስንኝ ስትል ስንት ጎልማሳ ደረቱን ይመታል። ሰርግ ቤትም ሙሽሪትን የምትመርቀውና ግጥሙን የምትጀምረው እሷው ናት። ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር ሰው ዞሮ ይሰማታል። ከለቅሶ ቤቱ ወጥተሽ ቲቪ ስትከፍቺ ግን ያቺው ሴት አፏ ተዘግቶ አልጋ ላይ ናት።

ባለፈው ወር ያ ድራማ ቀጥሎ ሳለ፣ እናትየዋ አሁንም እንደተኙ፣ እናቴ በድንገት ጀመረች፣ እንደ ቀልድ ሳይሆን የምር በለቅሶ ዜማ፦

«ጋቢ ደራርበው አልጋ ላይ ያስተኙሽ፣
ምነው እናትዬ ቃልሽን ነጠቁሽ።»

የጎረቤት እናቶች ተቀበሏት። የአንዷ ዓይን እንባ አቀረረ፣ ሳሎናችን ለቅሶ ቤት ሆነ፣ ቲቪው ውስጥ ያሉት ሰዎች ስለ ቪላ ውርስ ይጮሃሉ፣ ማንም አይሰማቸውም። እኔ ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው አላየሁትም። በአራት ወር ውስጥ እዛ ሳሎን የታየው ትልቁ ትርኢት ያ ነው፣ ከቲቪው የመጣ ደግሞ አልነበረም።

የሚያሳዝነው ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ ያልነበረ መሆኑ ነው። አስናቀች ወርቁን አስቡ። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር በነበረበት ጊዜ፣ የሴት ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱበት ጊዜ ነው የወጣችው። ተሰድባ፣ ሰው ፊቱን አዙሮባት፣ ክራሯን ይዛ ነው መንገዱን የጠረገችው። በፈረንጆቹ 2003 ኢትዮፒክስ የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ተከታታይ 16ኛውን ሲዲ ሙሉውን ለሷ ሰጣት፣ ዓለም ሰማት፣ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው ያረፈችው። ያኔ ወንዶቹ ቀሚስ የለበሱት ሴት ተዋናይ ስላልነበረች ነው፣ አሁን ስንት አንጋፋ ተዋናይት እቤቷ ስልክ እየጠበቀች ወንድ ሻሽ አስሮ አሮጊት ሲሆን ምን ይባላል? አስቴር አወቀም ስድሳን አልፋ አዳራሽ ትሞላለች፣ ስለዚህ ሰው ትልቅ ሴት አያይም የሚለው ምክንያት አይሰራም። ተዋናይዋ ሚሼል ዮ በ60 ዓመቷ በፈረንጆቹ 2023 ኦስካር ስትቀበል ሴቶች ሆይ ጊዜሽ አልፏል የሚላችሁን አትስሙ ያለችውን ለእናቴ ተርጉሜ አሳየኋት፣ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ሶስቴ ነው ያየችው፣ ድምጹን ጨምሪልኝ እያለች፣ ቋንቋውን ሳትሰማ።

አሁን ወደ ሱቁ ልጅ ልመለስ። እሱ የተናገረውና ፊልም የሚሰሩት ሰዎች የሚያስቡት አንድ ነው፣ እማማ ይሄ ይበቃቸዋል። ግን ቀኑን ሙሉ ቲቪ የምታየው ማን ናት? ሰራተኛው ስራ ነው፣ ተማሪው ስልኩ ላይ ነው፣ ጎረምሳው ኳስ ቤት ነው። እቤት ቁጭ ብላ ከማስታወቂያው እስከ መጨረሻው ስም ዝርዝር የምታየው እናቴ ናት። የሚከፈለው በሷ ስም ነው፣ የሚቋረጠውም እሷ ይቋረጥ ስትል ነው። እኔ ፕሮዲዩሰር ብሆን ከማንም በፊት እሷን ነበር የምጠይቃት።

ለደንበኛ አገልግሎታቸው ደውዬ ነበር፣ ይሄንንም ልጻፍ። ስለ ክፍያ ነበር የደወልኩት፣ ስንጨርስ «አስተያየት አለዎት?» አለችኝ ልጅቷ፣ ያው ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ትንሽ ዝም ብላ «እኔም እናቴ ጋር ነው የማየው፣ ልክ ነሽ» አለች፣ አንቺ ማለቷን እንኳን አላወቀችም መሰለኝ። እመዘግበዋለሁ ብላኛለች። ለአገልግሎት 4 ኮከብ፣ አንዷ የጎደለችው ስልኩ እስኪነሳ 20 ደቂቃ ስለጠበቅኩ ነው።

ለይዘት 2 ኮከብ ነው የምሰጠው፣ ሁለቱም ለቱርኮቹ ክፉ ሴትዮዎችና ለህንድ ቻናሉ። ዋጋውን በተመለከተ ትልቁ ፓኬጅ ለአንድ እናት አያዋጣም፣ ኳስ የሚያይ ከሌለ መካከለኛው ይበቃል፣ ህንዱም ትርጉሙም እዛው ውስጥ አለ፣ እኛ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ወደሱ ወርደናል። በተረፈው ብር ፍላሽ ገዝቼ የአስናቀችን ክራር፣ የድሮ የመንዝ ዘፈኖችን፣ ያገኘሁትን ሁሉ አስጭኜላታለሁ፣ ቲቪው ላይ ይሰካል፣ አራተኛ ፕላስተር ለጠፍኩለት።

አንድ ነገር ግን ከናንተ እፈልጋለሁ። ከ60 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ስም ያላት፣ ስራ ያላት፣ ሳትታመም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትናገርበት የአማርኛ ድራማ የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ ቻናሉንና ሰዓቱን ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ቡናው የሚፈላው ያኔ ነው።